የእንጦጦ መስተዋትና የብረት ቅይጥ ዒላማ

በቋንቋችን «ቅብ» የተባለው ቃል መልካም ስም የለውም። ስለ አንድ ጌጥ «ወርቅ ቅብ ነው» ሲባል፥ ወርቅ አይደለም፥ ያታልላል ማለት ነው። በቅኔያችንም ቢሆን ሰሙ ከላይ፥ ወርቁ ከታች ስለ ሆነ፥ ከላይ ያለው ሁሉ የሚገፈፍ፥ ከታች ያለው ሁሉ የሚፈለግ መስሎ ይታየናል። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ለዚሁ ሥራ ሌላ የከበረ ቃልም ነበራቸው፤ እርሱም «መለበጥ» ነው። በኦሪት የተነገረለት የቃል ኪዳን ታቦት ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ ነበር፤ ልባጡን ግን ሐሰት ነው ብሎ የነቀፈው የለም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው በዘመናችን ስለሚሠራው መለበጥ ነው። ዛሬ ከሚሠሩት ረቂቅ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚሠሩት ከላያቸው በለበሱት፥ ዓይን ውፍረቱን ሊለካው በማይችል የብረት ልብስ ነው። ልብሱ የሚቆረጥበት ጣቃ ደግሞ «ዒላማ» ይባላል። ዒላማው ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚሠራ፥ እኛንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለምን እንደሚመለከተን ቀጥለን እንናገራለን። ምሳሌ ፍለጋም ሩቅ አንሄድም፤ ጉለሌ ይበቃናል።

ከተራራው ራስ ላይ

ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ሽሮ ሜዳን አልፈን ሽቅብ ብንወጣ እንጦጦ ላይ እንደርሳለን። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት፥ በዚሁ ተራራ ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ፥ የከዋክብት መመልከቻ ማዕከል ተሠርቶ በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። በማዕከሉ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የእያንዳንዱም ዋና መስተዋት የጎን ስፋቱ አንድ ሜትር ነው።

ብዙ ሰው ቴሌስኮፕ ሲባል ረጅም ቱቦና ወፍራም ሌንስ ይታየዋል። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ግን ብርሃን የሚሰበስቡት በመስተዋት ነው። የመስተዋቱ አካል ብርጭቆ ወይም ብርጭቆ መሰል ነገር ሲሆን፥ የብርጭቆው ተግባር ቅርጹን መያዝ ብቻ ነው። ራቁቱን የሆነ ብርጭቆ ከሚያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ አራት እጅ ያህል ነው፤ የቀረው አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ በተሞረደው ብርጭቆ ላይ የብረት ልብስ ይደረግለታል። ለእንዲህ ያለው መስተዋት የተለመደው ልብስ አሉሚኒየም ሲሆን፥ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ያህል ነው። ናኖሜትር ማለት የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70,000 ናኖሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ይህ ልብስ ከፀጉር 700 ጊዜ ይቀጥናል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የጎን ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ክብ ገጽ 0.785 ካሬ ሜትር ነው። ይህን በ100 ናኖሜትር ብናባዛው ይዘቱ 0.08 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አሉሚኒየም 2.7 ግራም ስለሚመዝን፥ የመስተዋቱ ልብስ በጠቅላላው 0.2 ግራም ያህል ብቻ ነው። ብዙ ኩንታል የሚመዝነው ብረት፥ ሞተርና ብርጭቆ ሁሉ የቆመው ይህችን አንድ አምስተኛ ግራም ተሸክሞ ወደ ሰማይ ለማዞር ነው።

ይህች ልብስ ደግሞ ታረጃለች። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ጥቂት ናኖሜትር የሚሆን ኦክሳይድ ያበቅልና ራሱን ይጠብቃል፤ ዳሩ ግን አቧራ፥ የክረምት እርጥበትና ጭስ እየበሉት ይሄዳሉ። አዲስ አሉሚኒየም ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 90 ያህሉን ይመልሳል። ብርሃኑ በሁለት መስተዋቶች ላይ ስለሚነጥር፥ ለመመልከቻው የሚደርሰው 0.9 በ0.9 ተባዝቶ ከመቶ 81 ነው። ልብሱ አርጅቶ እያንዳንዱ መስተዋት ከመቶ 80 ብቻ ቢመልስ ግን፥ 0.8 በ0.8 ሲባዛ ከመቶ 64 ይሆናል። ይህም ማለት የአንድ ሜትሩ መስተዋት ወደ 89 ሴንቲሜትር እንደ ጠበበ ያህል ነው። ማንም ብርጭቆውን ሳይነካው 11 ሴንቲሜትር ተሰርቋል ማለት ነው። ስለዚህ በዓለም ያሉ የከዋክብት መመልከቻዎች በየጥቂት ዓመቱ አሮጌውን ልብስ በኬሚካል አጥበው ያስወግዱና አዲስ ያለብሳሉ። መስተዋት ያለው አገር ሁሉ «ማን ያለብሰዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ከነሐስ እስከ አሉሚኒየም

የመጀመሪያዎቹ የቴሌስኮፕ መስተዋቶች ልብስ አልነበራቸውም፤ ራሳቸው ብረት ነበሩ። ኒውተንም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት የተጠቀሙት መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሰጡትን ነጭ የነሐስ ዓይነት ነበር። ይህ ቅይጥ ቢወለወል ያበራል፤ ነገር ግን ከሚያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው፤ ቶሎም ይደበዝዛል። በደበዘዘም ጊዜ እንደገና መሞረድ ስለሚያስፈልገው ቅርጹ ይበላሻል።

በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን ሽታይንሃይል፥ በፈረንሳይ ፉኮ፥ ብርጭቆን በኬሚካል መንገድ ብር ማልበስ ጀመሩ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ልብሱ ቢያረጅ ልብሱ ብቻ ይለወጣል እንጂ ብርጭቆው አይሞረድም። ብር ግን በአየር ውስጥ ያለው የድኝ ዘር ያጠቁረዋል፤ የብር መስቀልና የብር ጌጥ በቤታችን ሲጠቁር ያየነው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆን ስትሮንግ አየሩ በተጠባ ክፍል ውስጥ አሉሚኒየምን እያተነነ መስተዋት ማልበስን አስፋፋ። ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ በጋለ ሽቦ ላይ ተደርጎ ሲተን፥ እንፋሎቱ ያለ አንዳች ከልካይ ሄዶ በቀዝቃዛው ብርጭቆ ላይ ያርፋል።

ይህ ማትነን የሚባለው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ለጥለት ከሚያስገቡት ከሚብለጨለጨው ክር ብዙው የዚህ ዘዴ ልጅ ነው። እንደ ወርቅ የሚያበራው አብዛኛው ክር ወርቅ የለበትም፤ በፖሊስተር ስስ ፕላስቲክ ላይ አሉሚኒየም ተተንኖበት፥ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ፥ ከዚያም በቀጭኑ የተሰነጠቀ ነው። እንግዲህ ከሽሮ ሜዳ ገበያ እስከ እንጦጦ ራስ ድረስ ያለው መንገድ ሁለቱም ጫፉ ላይ አሉሚኒየም የለበሰ ነገር አለው ማለት ነው።

በብይ የሚመሰል ሥራ

ከማትነን ሌላ ሁለተኛ ዘዴ አለ፤ ስሙ ስፐተሪንግ ነው። በ1852 እ.ኤ.አ. ዌልሳዊው ዊልያም ግሮቭ አየሩ በሳሳ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፥ ከኤሌክትሪኩ ጫፍ ብረት እየተነሣ በአቅራቢያው ባለው ገጽ ላይ እንደሚያርፍ አስተዋለ። ብረቱ አልቀለጠም፥ አልተነነም፤ ግን ቦታውን ለቆ ሄዷል። ሰው ይህን እንደ ብልሽት እንጂ እንደ ሙያ ሳይቆጥረው ብዙ ዘመን አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጠንካራ ብረት የተሠራ ክፍል ይዘጋል፤ አየሩም በፓምፕ ይጠባል። ከውጭ ያለው አየር በባሕር ወለል 100,000 ፓስካል ያህል ይጫናል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ከአንድ ፓስካል አንድ ሺህኛ እንኳ በታች እስኪሆን ድረስ ይወርዳል። አንዳንድ ሰው «የእኛ አገር ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ አስቀድሞ ሳስቶልናል» ይል ይሆናል። በእርግጥ በእንጦጦ ራስ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል፤ ነገር ግን ፓምፑ ግፊቱን መቶ ሚሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ መቀነስ ስላለበት፥ ተራራው የሚረዳን እምብዛም ነው።

ክፍሉ ንጹሕ ባዶ ከሆነ በኋላ ጥቂት አርጎን ይገባበታል። አርጎን ከአየራችን ውስጥ ከመቶ አንድ ያህሉን የሚይዝ፥ ከማንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ነው። ከዚያም ልብስ እንዲሆን የተፈለገው ብረት፥ ማለት ዒላማው፥ ብዙ መቶ ቮልት ካለው የኤሌክትሪክ አሉታዊ ጫፍ ጋር ይገናኛል። አርጎኑ ይበራል፤ ሐምራዊ መሰል ብርሃን ይሰጣል። ይህ ፕላዝማ ይባላል። በውስጡ ያሉት አዎንታዊ የአርጎን አቶሞች በዒላማው ተስበው በኀይል እየተወረወሩ ይመቱታል።

ልጆች ሆነን ብይ ስንጫወት፥ አንዲት ብይ ወደ ተሰበሰቡት ብዮች ስትወረወር የተመታችው ብቻ ሳትሆን የጎረቤት ጎረቤትም ተፈናጥራ ስትወጣ አይተናል። በዒላማው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። አርጎኑ የመታው አቶም ሌላውን ይገፋል፥ ያም ሌላውን፤ ግፊያው ዞሮ ዞሮ ወደ ላይ ሲመለስ ከገጹ ላይ ያለ አቶም ተፈንጥሮ ይወጣል። የወጣውም አቶም ፊት ለፊት በተቀመጠው መስተዋት ላይ ሄዶ ይለጠፋል። በዚህ ዓይነት የሚወጣ አቶም ተንኖ ከሚወጣው አቶም በብዙ ዐሥር እጥፍ የበለጠ ኀይል ስላለው፥ የሚያርፍበትን ገጽ አጥብቆ ይይዛል። ይህም የስፐተሪንግ አንደኛው ጥቅም ነው።

አንድ አርጎን በመታ ቁጥር ስንት አቶም ይወጣል? ይህ እንደ ብረቱ ጠባይ ይለያያል። በ500 ቮልት ያህል ሲመታ ብር ሦስት ያህል፥ ወርቅና መዳብ ከሁለት በላይ፥ አሉሚኒየም አንድ ያህል፥ ቲታኒየምና ታንታለም ግን ግማሽ ያህል ይሰጣሉ። የቀረው ጉልበት፥ ይኸውም ከጠቅላላው አብዛኛው፥ ሙቀት ሆኖ ዒላማው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከዒላማው በስተ ጀርባ ሁልጊዜ የሚዘዋወር ቀዝቃዛ ውሃ አለ።

የድሮው ስፐተሪንግ ዘገምተኛ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ከዒላማው ጀርባ ማግኔት ማስቀመጥ ተስፋፋ። ማግኔቱ ኤሌክትሮኖቹን ከዒላማው አጠገብ እያዞረ ስለሚያቆያቸው ፕላዝማው ይበረታል፥ ሥራውም ይፈጥናል። ይህ መሣሪያ ማግኔትሮን ይባላል፤ ዛሬ በፋብሪካ ያለው ስፐተሪንግ ከሞላ ጎደል የሚሠራው በዚሁ ነው።

ቅይጥ ሲሆን የሚመጣው ጥያቄ

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንድ ብረት ነው። ዳሩ ግን ንጹሕ ብረት ብቻውን ሁሉን ሥራ አይሠራም። አያቶቻችን የሚያውቁት የማርያ ትሬዛ ብር እንኳ ንጹሕ ብር አልነበረም፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፥ አንዱ መዳብ የሆነ ቅይጥ ነበር። መዳቡ የገባበት ብር ብቻውን ለስላሳ ስለ ሆነና በእጅ በእጅ ሲዞር ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። በስስ ልብስም እንዲሁ አንዱ ብረት ለብርሃን፥ ሌላው ለጥንካሬ፥ ሌላውም ለመለጠፍ ይፈለጋል።

እንግዲህ ቅይጥን በማትነን ዘዴ ማልበስ ብንፈልግ ችግር ይገጥመናል። አረቄ ሲወጣ ማየት ነገሩን ያስረዳል። በጋኑ ውስጥ ውሃና አልኮል አንድ ላይ ቢኖሩም፥ አልኮሉ ቀድሞ ስለሚተን መጀመሪያ የሚንጠባጠበው የበረታው አረቄ ነው፤ በመጨረሻ የሚመጣው ግን የሳሳው ነው። ሁለት ብረቶች አንድ ላይ ሲተኑም ለመትነን የሚቀለው ይቀድማል። ስለዚህ የልብሱ ታችኛው ክፍል አንዱን ብረት፥ ላይኛው ክፍል ሌላውን ብረት አብዝቶ ይይዛል፤ ቅይጡም ተበተነ ማለት ነው።

ስፐተሪንግ ግን ይህን ችግር ራሱ ያስተካክለዋል። እንዴት? ሁለት ብረቶች እኩል የተቀላቀሉበት ዒላማ እናስብ፤ የመጀመሪያው በአንድ ምት ሁለት አቶም፥ ሁለተኛው አንድ አቶም የሚሰጥ ይሁን። በመጀመሪያ ከሚወጡት ሦስት አቶሞች ሁለቱ የመጀመሪያው ብረት ይሆናሉ፤ ይህም ያልፈለግነው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ብረት አብዝቶ በወጣ መጠን ከገጹ ላይ ያንሳል። ገጹ አንድ ሦስተኛ የመጀመሪያው፥ ሁለት ሦስተኛ የሁለተኛው ሲሆን፥ አንድ ሦስተኛው በሁለት ተባዝቶ ሁለት ሦስተኛ፥ ሁለት ሦስተኛው በአንድ ተባዝቶ ያው ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እኩል ይወጣሉ፤ ልብሱም የዒላማውን ልክ ይይዛል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ እርሱም ዒላማው ቀዝቃዛ እንዲሆንና ከውስጥ ያሉት አቶሞች ተንቀሳቅሰው ወደ ገጹ እንዳይመጡ ነው። ስለዚህ ነው ባለሙያው አዲስ ዒላማ በገባ ቁጥር መስተዋቱን በመከለያ ሸፍኖ ለጥቂት ደቂቃ ዒላማውን ብቻ የሚያስመታው፤ ገጹ ሲጸዳና ሚዛኑን ሲይዝ መከለያውን ይከፍታል።

ዒላማ እንዴት ይሠራል

ዒላማ ሲታይ ተራ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ክብ ወይም ረጅም፥ ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ አንድና ሁለት ሴንቲሜትር የሚወፍር። ዋጋውን የሚያወጣው ግን አራት ነገር ነው።

አንደኛ ንጽሕናው ነው። ነጋዴዎቹ የሚቆጥሩት ዘጠኞችን ነው፤ 99.9 ሦስት ዘጠኝ፥ 99.99 አራት ዘጠኝ፥ እያለ እስከ ስድስት ዘጠኝ ይሄዳል። አራት ዘጠኝ ማለት ከዐሥር ሺህ አንዱ ባዕድ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ የተቀላቀለበት መንገድ ነው። አብረው የሚቀልጡ ብረቶች፥ እንደ ኒኬልና ክሮሚየም ያሉት፥ አየር በሌለበት ምድጃ ቀልጠው በቅርጽ ይፈስሳሉ፤ ከዚያም ይቀጠቀጣሉ፥ ይዳመጣሉ፥ እንደገናም ይሞቃሉ። አብረው የማይቀልጡ ግን አሉ። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ቲታኒየም በ3,287 ዲግሪ ይፈላል፤ ተንግስተኑ ገና ሳይቀልጥ ቲታኒየሙ ተንኖ ያልቃል ማለት ነው። እንዲህ ላሉት የሁለቱ ዱቄት ይቀላቀልና ሳይቀልጥ በሙቀትና በከባድ ግፊት ተጨምቆ አንድ አካል ይሆናል።

ሦስተኛ የውስጥ አካሉ ነው። ብረት ሁሉ ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ ቅንጣቶቹ ደቃቅና ተመሳሳይ ካልሆኑ ዒላማው በአንዱ ወገን ፈጥኖ፥ በሌላው ዘግይቶ ይበላል። በውስጡ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪክ እዚያ ላይ እንደ መብረቅ ይፈነዳና የቀለጠ ጠብታ በመስተዋቱ ላይ ይረጫል።

አራተኛ ከጀርባው ካለው የመዳብ ሰሌዳ ጋር ያለው መጣበቅ ነው። ሙቀቱ ወደ ውሃው የሚያልፈው በዚያ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ በ157 ዲግሪ በሚቀልጥ ኢንዲየም በተባለ ለስላሳ ብረት ይበየዳል። ብየዳው ክፍተት ካለው ዒላማው ይግላል፥ ይሰነጠቃልም።

በማግኔትሮን ውስጥ ዒላማው የሚበላው በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። ፕላዝማው የሚዞረው በማግኔቱ መካከል ስለ ሆነ፥ ልክ በጃን ሜዳ ፈረስ ሲጋለብበት እንደ ኖረው ዙሪያ መሮጫ፥ በዒላማው ላይ የተቦረቦረ ክብ ጎዳና ይወጣል። ሙያተኞቹም «መሮጫ ሜዳ» ይሉታል። ጎዳናው ከታች ያለውን መዳብ ከመንካቱ በፊት ዒላማው መነሣት አለበት፤ በዚያን ጊዜ ከተራው ጠፍጣፋ ዒላማ የተሠራበት ሲሶው ያህል ብቻ ነው። የቀረው ተመልሶ ይቀልጣል። በቱቦ መልክ ተሠርተው የሚዞሩ ዒላማዎች ግን አብዛኛው አካላቸው ይሠራበታል።

ከጉለሌ ወደ ዓለም፥ ከዓለም ወደ ጉጂ

አሁን ቅይጡ የት የት እንደ ገባ እንይ። በሃዋይና በቺሌ ተራሮች ላይ ያሉት የጌሚኒ ቴሌስኮፖች መስተዋታቸው 8.1 ሜትር ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለብሱት በስፐተሪንግ የሚደረግ ብር ነው። ብር ከአሉሚኒየም የበለጠ ያበራል፤ ነገር ግን ከላይ እንዳልነው ይጠቁራል፥ ከብርጭቆም ጋር በደንብ አይጣበቅም። መፍትሔው የተገኘው ከቅይጥ ዒላማ ነው። የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ናይትሮጅን ባለበት ሲመታ የሚሰጠው ልብስ ከብሩ በታች እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ከብሩም በላይ ከአንድ ናኖሜትር በታች በሆነ ውፍረት ይደረግና በመጨረሻ የሲሊከን ናይትራይድ ሽፋን ይደረብበታል። ብሩ ራሱ 110 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ይህን የሚያክለውን መስተዋት ለማልበስ የሚበቃው 50 ግራም ያህል ብር ነው። ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የተላከው የዌብ ቴሌስኮፕም 25 ካሬ ሜትር የሚሆነው መስተዋቱ በሙሉ የለበሰው ወርቅ 48 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ወደ መርካቶ ብንወርድ በብረታ ብረት ሱቆች ቢጫ የሆነ የድሪል መሰርሰሪያ ይሸጣል። ወርቅ አይደለም፤ ቲታኒየም ከናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ የሚሰጠው ጠንካራ ልብስ ነው። ዒላማው የቲታኒየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ሲሆን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሙቀት የሚችል ልብስ ይገኛል። እንግዲህ ወርቅ መሳይ ቅብ ከወርቅ በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

በኪሳችን ያለውን ስልክ ብንወስድ፥ ጣታችን የሚነካው መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ኤሌክትሪክም የሚያስተላልፍ የኢንዲየምና የቆርቆሮ ኦክሳይድ ለብሷል። በውስጡ ባሉት ቺፖችም ኤሌክትሪክ የሚሄድባቸው መስመሮች በዚሁ ዘዴ የተነጠፉ ናቸው። ቀድሞ መስመሩ አሉሚኒየም በነበረበት ጊዜ ጥቂት ሲሊከንና ጥቂት መዳብ የተቀላቀለበት ቅይጥ ዒላማ ይሠራበት ነበር፤ መዳቡ የሚገባው የኤሌክትሪኩ ጎርፍ የአሉሚኒየሙን አቶሞች እየገፋ መስመሩን እንዳይበጥሰው ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ መስመሩ ወደ መዳብ ሲለወጥ፥ መዳቡ ወደ ሲሊከኑ ሰርጎ እንዳያበላሸው የሚከለክል አጥር አስፈለገ። ለአጥርነት የተመረጠውም ታንታለም ነው።

ታንታለም ሲባል ልናስተውል ይገባናል። በጉጂ ዞን ቀንጢቻ በሚባለው ስፍራ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የታንታለም ማዕድን ሲቆፈር ኖሯል። ከዚያ የሚወጣው ድንጋይ ተፈጭቶና ተለይቶ፥ ገና ብረት ሳይሆን፥ በማዕድንነቱ ወደ ውጭ አገር ሲላክ ቆይቷል። በሌላ አገር ይጠራል፥ ብረት ይሆናል፥ ይዳመጣል፥ ብዙ ዘጠኝ ያለው ዒላማ ይሆናል፤ ከዚያም ጥቂት ናኖሜትር ሆኖ በቺፕ ላይ ይነጠፋል። በመካከሉ ያለው ልዩነት ሁሉ የእጅና የአእምሮ ሥራ ነው። ማዕድኑ የእኛ ቢሆንም ዕውቀቱ የሌላ ከሆነ፥ ትርፉም የሌላ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት፥ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1፥ ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ ስትላክ መልእክቷን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነበር። ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ደስታውም የሚገባ ነው። ነገር ግን ዕቃ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ዕቃውን ማደስ ሌላ ነው። የገዛነው መስተዋት የሚቆየው ብዙ ዓመት ነው፤ በላዩ ያለው ልብስ ግን የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው። ስለዚህ ልብሱን ማወቅ ከመስተዋቱ ባለቤትነት ጋር አብሮ የሚሄድ ግዴታ ነው።

«ይህ የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ይኖራሉ። ለእነርሱ የምንሰጠው መልስ ሥራው ትንሽም ትልቅም አለው የሚል ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለሚታይ ናሙና ልብስ የሚያደርግ፥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ስፐተር አለ። ዒላማው የሻይ ሳሕን የማያህል የወርቅና የፓላዲየም ቅይጥ ክብ ነው፤ ቅይጥ የተደረገውም ንጹሕ ወርቅ ሲያርፍ ቅንጣቱ ስለሚገዝፍና ቅይጡ ግን የደቀቀ ልብስ ስለሚሰጥ ነው። አንድ ፓምፕ፥ አንድ የአርጎን ጠርሙስና ጥቂት ሺህ ቮልት የሚሰጥ ኤሌክትሪክ ካለ ይሠራል። በዚህ መሣሪያ የኒኬልና የክሮሚየም ትንሽ ዒላማ ማስገባትም ይቻላል። የቤተ ሙከራ ብርጭቆ ላይ ልብስ አድርጎ፥ ከመልበሱ በፊትና በኋላ መዝኖ፥ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ለክቶ፥ የልብሱን ውፍረት ማስላት ለሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ የሚከብድ አይደለም።

ሥራው አንድ ክፍል ብቻውን የሚወጣውም አይደለም። ፕላዝማውን የፊዚክስ ተማሪ፥ አሮጌውን ልብስ የሚያጥበውን ኬሚካል የኬሚስትሪ ተማሪ፥ ክፍሉንና ፓምፑን የኢንጂነሪንግ ተማሪ፥ ማዕድኑን የጂኦሎጂ ተማሪ ያውቀዋል። የሚጎድለው አራቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ ከሚያዘጋጃቸው ክርክሮችና ጉባኤዎች አንዱን ለዚህ ቢሰጥ፥ ከየክፍሉ ጥቂት ፈቃደኞች ተመርጠው የተግባር ጥናት ቢጀምሩ፥ ለመምህራኖቻችንም ጥያቄውን በጽሑፍ ብናቀርብ መልካም ነው እንላለን።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጁን የሚያስተምረው ገና በሕፃንነቱ ክር እንዲያጠነጥን አድርጎ ነው፤ ጥለቱን የሚያስይዘው በኋላ ነው። እኛም መጀመሪያ አንዲት ብርጭቆ ማልበስን እንልመድ። የአንድ ሜትሩ መስተዋት ተራው ሲደርስ 0.2 ግራም አሉሚኒየም የምታስቀምጥ እጅ ከዚሁ ካለንበት ኮረብታ ልትገኝ ይገባል።